የምትንከባከቢው ልጅ ኦቲዝም ካለበትና «አንቺ አትበዪኝ» ካለሽ

እህቴ፣ ቤይሩት ውስጥ ወይም በዙሪያዋ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት የምትሠሪ ከሆነ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢው። በተለይ ልጁ አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ገብቶ ስለ ወንድነትና ስለ ሴትነት ያልጠበቅሽውን ነገር መናገር ከጀመረ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ትምህርቴም አሥረኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ግን እንዲህ ባለ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ቤት እየመጣች ልጁን የምትረዳው ቴራፒስት ያስረዳችኝን፣ ከዚያም ማታ ማታ በስልኬ ያነበብኩትን ነው የምነግርሽ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ልጁ ሲወለድ ሴት ተብሎ ነው የተመዘገበው። እኔ እዚያ ቤት ስገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ እንደ ሴት ልጅ ነበር የማውቀው። አሥራ አራት ሲሞላው አንድ ቀን ጠዋት እንደ ወትሮዬ «ታዒ ኩሊ»፣ ነይ ብዪ፣ ስለው «ታዓ ኩል በዪኝ። አና ሰቢ» አለኝ። እኔ ወንድ ነኝ ማለቱ ነው። ሳቅሁበት። እሱ ቀልድ አያውቅም፣ ሲናገር የምሩን ነው፤ ይህን እያወቅሁ ሳቅሁበት።

እሁድ ዶራ ቡና ስንጠጣ ደግሞ ለጓደኞቼ ወሬ ብዬ አወራሁት። ከመሃላችን አንዷ እኛ ሕንፃ ላይ ከምትሠራ ልጅ ጋር ትተዋወቃለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወሬው ጎረቤት ማዳም ዘንድ ደረሰ፣ ከእሷ ወደ እኔዋ ማዳም። ማዳም «ይህን ያስተማርሽው አንቺ ነሽ» ብላ ስልኬን ቀማችኝ። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ አምስት ቀን ከቶስት ሌላ አልቀመሰም። ስልኬ በሳምንቱ ተመለሰልኝ። ልጁ ግን እኔን መልሶ እስኪያምነኝ ብዙ ወር ፈጅቷል።

በዚህ ጽሑፍ «እሱ» የምለው ራሱ እንዲያ በዪኝ ስላለኝ ነው። ስሙንም፣ ሰፈሩንም፣ የማዳምን ሥራም አልጽፍም።

ኦቲዝም ስንል

ማዳም ስለ ልጁ በስልክ ስታወራ «ተወሁድ» ስትል ትሰሚ ይሆናል። የኦቲዝም ዓረብኛ ስሙ ነው፤ «ዋሕድ»፣ አንድ፣ ከሚለው የመጣ ነው፣ ለብቻ መሆን እንደ ማለት። እኔ መጀመሪያ ስሰማው «ተዋሕዶ» ያሉ መስሎኝ ስለ ሃይማኖቴ እያሙኝ ነው ብዬ ተቆጥቼ ነበር።

ኦቲዝም የሚይዝ በሽታ አይደለም። አንጎል ከጅምሩ በሌላ መንገድ ሲያድግ ነው። አንዱ ልጅ ጭራሽ አይናገርም፣ ሌላው ሦስት ቋንቋ ይናገራል ግን ቀልድና ሽሙጥ አይገባውም። አንዱ የቫኪዩም ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፣ ሌላው የሸሚዝ ኮሌታ ላይ ያለችው ጨርቅ ቆዳውን ስትነካው ያብዳል። የዕለቱ ፕሮግራም ሲዛነፍ ብዙዎቹ ይጨነቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በግምት ከ100 ልጆች አንዱ ኦቲዝም አለበት ሲል ቆይቷል። እዚሁ የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቤይሩትና በጀበል ሉብናን የሕፃናት ማቆያዎች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትን አይተው በ2016 ያወጡት ጥናት ደግሞ ከ60 እስከ 70 ልጆች ውስጥ አንዱ ይላል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሳናውቀው እንዲህ ያለ ልጅ እያሳደግን ነው።

ምክንያቱ አስተዳደግ አይደለም። ይህን ቃል ያዢው፣ በኋላ ይጠቅምሻል። ሊዮ ካነር የተባለ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ1943 አሜሪካ ውስጥ ስለ 11 ልጆች ከጻፈ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ሳይቀሩ «እናትየው ፍቅር ስለነሳችው ነው» እያሉ እናቶችን ሲወቅሱ ኖረዋል። ኋላ ላይ ስህተት መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ደግሞ «ሠራተኛዋ በራሷ ቋንቋ ስላወራችው ነው መናገር ያቃተው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም።

እኛም አገር ነገሩ ያው ነው፣ እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው ይባላል። በ2016 የወጣ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ፣ ሰው ምን ይለናል የሚለው ጭንቀት ብዙዎቹን እንደሚያሰቃይ አግኝቷል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሳታውቂያቸው አትቀሪም። የውበት ትምህርት ቤት የነበራቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት የሚቀበለው ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በ2021 አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። አገር ቤት ያለው ልጅሽ መናገር ዘግይቶበት ወይም ሲጠሩት ዞር አልል ብሎ የምትጨነቂ ከሆነ፣ ያሳደጉትን ሰዎች ከመውቀስሽ በፊት ወደዚያ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ንገሪያቸው።

ጥናቶቹ ያገኙት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሲወለድ ሴት የተባለ ልጅ ወንድ ነኝ ሲል፣ ወንድ የተባለ ሴት ነኝ ሲል፣ ወይም ሁለቱንም አይደለሁም ሲል ፈረንጆቹ ትራንስጀንደር ወይም የጾታ ብዝኃነት ይሉታል። ይህ ማንን ትወጃለሽ ከሚለው የተለየ ነገር ነው። እኛ ስናወራ እናደባልቀዋለን እንጂ አንድ አይደለም። ጥያቄው እኔ ማን ነኝ የሚል ነው።

ከኦቲዝም ጋር ያለው ግንኙነት በደንብ መጠናት የጀመረው ቅርብ ጊዜ ነው። አምስተርዳም ውስጥ የጾታ ጥያቄ ይዘው ወደ ክሊኒክ የመጡ 204 ልጆችና ወጣቶች ተመርምረው፣ በ2010 በወጣው ውጤት ከመቶው 7.8ቱ ኦቲዝም ነበረባቸው። ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲተያይ ይህ በጣም ብዙ ነው። በ2014 ደግሞ አሜሪካ ዋሽንግተን ውስጥ ነገሩን ገልብጠው አዩት። ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ወላጆች «ልጅሽ የሌላው ጾታ መሆን እፈልጋለሁ ይላል ወይ?» ብለው ጠየቁ። አዎ ያሉት ከሌሎች ልጆች ወላጆች ጋር ሲወዳደሩ ከሰባት እጥፍ በላይ ሆኑ። ትልቁ ጥናት የ2020ው ነው። የእንግሊዝ አገሩ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ641,860 ሰዎችን መረጃ ሰብስበው፣ በጾታቸው ከተለመደው የወጡት ኦቲዝም የመኖሩ ዕድል ከሌላው ሰው ከሦስት እስከ ስድስት እጥፍ መሆኑን አሳዩ። በዚህኛው ያሉት በብዛት አዋቂዎች ናቸው፣ ሁለቱ የፊተኞቹ ግን የልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔም ወድቄበት ነበር። «ሰባት እጥፍ» ሲባል ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ትንሽ ቁጥር በሰባት ቢባዛም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ስለ ጾታቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ የላቸውም። አምስተርዳምም ላይ ከመቶው ከ90 የሚበልጡት ኦቲዝም የለባቸውም። ሁለቱ ነገሮች ከአጋጣሚ በላይ አብረው ይታያሉ፣ ጥናቶቹ የሚሉት ይህን ያህል ነው።

ለምን አብረው ይመጣሉ ለሚለው ብዙ መላ ምት ቀርቧል፤ ሁሉም የተስማማበት ግን የለም። አንዳንዶቹ ከመወለድ በፊት ካሉ ሆርሞኖች ጋር ያያይዙታል፤ አልተረጋገጠም። ለእኔ የገባኝ ሌላው ነው። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ «ሴት ልጅ እንዲህ አትቀመጥም»፣ «ወንድ አያለቅስም» የሚለውን ሳንጠየቅ እየዋጥን ነው ያደግነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ብዙም አይዘውም። ሌላው ሰው ውስጡ ይዞት የሚኖረውን እሱ ቁርስ ላይ ይናገረዋል። ይህ የኔ ብቻ አስተያየት አይደለም፣ ተመራማሪዎችም ከሚያነሷቸው ሐሳቦች አንዱ ነው።

አነጋገር ሁሉ አንድ ትርጉም የለውም

ይህን ክፍል በደንብ አንብቢው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የምንሳሳተው እኛ ነን፣ ከልጁ ጋር የምንውለው።

አማርኛም ዓረብኛም ሰውን ያለ ጾታ አያናግሩም። ብላ ወይ ብዪ፣ ኢንታ ወይ ኢንቲ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ትንንሽ ልጆች የሰሙትን ቃል እንደ ወረደ ይደግሙታል፣ «እኔ»ና «አንተ»ንም ይለዋውጣሉ። ካነር በ1943 ራሱ ጽፎታል። እና ቀኑን ሙሉ ከአንቺና ከእናቱ ጋር የሚውል የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ ስለ ራሱ በሴት አነጋገር ቢያወራ፣ የሰማውን እየደገመ ይሆናል፣ ሌላ ትርጉም አትስጪው። ቀሚስ አልለብስም የምትል ልጅም ጨርቁ እየቆረቆራት ሊሆን ይችላል። ፀጉሩን አላስቆርጥም የሚል ልጅ የመቀሱን ወይም የማሽኑን ድምፅ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። አሻንጉሊት የሚወድ ወንድ ልጅም አሻንጉሊት የሚወድ ልጅ ነው፣ አለቀ።

የእኔው ልጅ የተለየ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ብሎት አልተወውም። በወራት ውስጥ ያንኑ ደጋግሞ፣ ለእናቱም ለቴራፒስቷም ለእኔም በአንድ ዓይነት ቃል ተናገረ። ደረቱ ማደግ ሲጀምር ደግሞ ሻወር መግባት እምቢ አለ። እኔ ስንፍና መስሎኝ እቆጣው ነበር። ቴራፒስቷ ናት ሰውነቱን ማየት እንደሚያስጨንቀው የነገረችኝ። ከዚያ በኋላ የሻወሩን መብራት አጥፍተን የኮሪደሩን ብቻ እያበራን፣ በሩን በትንሹ ከፍተን ገባ። ትንሽ ነገር ናት ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ሻወር አልተጣላንም።

ታድያ የትኛው ነው ብሎ መወሰን የአንቺ ሥራ አይደለም፣ የእኔም አልነበረም። ለባለሙያዎቹም ከባድ ነው። በዚህ ላይ የሚሠሩ 22 ሐኪሞችና ተመራማሪዎች መክረው ባወጡት መመሪያ ላይ ያሉት፣ ኦቲዝም ስላለበት ብቻ «አይገባውም» ተብሎ ልጁ ዝም መባል የለበትም፣ በችኮላም ውሳኔ መወሰን የለበትም፣ ጊዜ ይሰጠው ነው። በእንግሊዝ አገር የሕፃናት ሐኪሟ ሂላሪ ካስ በሚያዝያ 2024 ያወጡት ትልቅ ሪፖርት ደግሞ ወደ ጾታ ክሊኒክ ከሚመጡት ወጣቶች መካከል ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ መሆናቸውን፣ ለወጣቶች የሚሰጡት የሆርሞን መድኃኒቶች ማስረጃ ደካማ መሆኑንና ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ተናግሯል። በሪፖርቱ ያልተስማሙ የሕክምና ማኅበራት አሉ፣ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በ2019 አጽድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ይህን ነገር ከአእምሮ ሕመሞች ምድብ አውጥቶታል። እነሱ የሚከራከሩት ስለ መድኃኒት ነው። ልጁ ላይ መሳቅ ወይም መጮህ ይጠቅመዋል ያለ ግን በሁለቱም ወገን የለም።

ሊባኖስ ውስጥ ለምን ዝም ማለት እንዳለብሽ

የሊባኖስ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 534 «ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ» ያለውን የግብረ ሥጋ ግንኙነት እስከ አንድ ዓመት እስራት ይቀጣል። ሕጉ ስለ ድርጊት እንጂ ስለ ማንነት አይናገርም፣ ግን ፖሊስ አለባበሳቸው ወይም መልካቸው ለየት ባሉ ሰዎች ላይም ይጠቀምበታል። በሌላ በኩል የቤይሩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ አንድ ሰው መዝገቡ ላይ ወንድ እንዲባል ፈቅዷል፤ በጥር 2016 በዜና የተሰማው ይህ ነው። ቤይሩት ላይ ከ2004 ጀምሮ ሄለም የሚባል መብታቸውን የሚጠብቅ ድርጅትም አለ። አገሩ እንዲህ ድብልቅልቅ ያለ ነው። በነሐሴ 2023 ማር ሚካኤል ውስጥ «የእግዚአብሔር ወታደሮች» ነን የሚሉ ወንዶች አንድ ባር ከበው ሰው መደብደባቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፣ እሁድ የምናልፍበት መንገድ ነው እኮ።

እና አንቺ እንደ ቀልድ የምታወሪው ነገር ልጁን መንገድ ላይ ሊያስደበድበው ይችላል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደግሞ ማን አደገኛ እንደሆነ መለየት ይከብደዋል። የእኔው ለናጡሩም ለደሊቨሪው ልጅም ሊነግር ይፈልግ ነበር። «አትናገር» ሲሉት ውሸት መናገር መስሎት ተጨነቀ። ቴራፒስቷ በወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሣለችለት። በውስጠኛው የሚነገራቸው ሰዎች፣ በውጭኛው ሰላም ብቻ የሚባሉት። እኔን የትኛው ላይ እንዳስገባኝ ለማየት ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ያኔ ውጭኛው ላይ ነበርኩ።

ለራስሽም አስቢ። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፣ ወረቀትሽ ያለው በከፊልሽ እጅ ነው። «ልጄን አበላሸሽብኝ» ከተባልሽ የሚሟገትልሽ ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጁን በስልክሽ አትቅረጪው፣ ቲክቶክ ላይ ፊቱን አታውጪ፣ ፀጉሩን ቁረጪልኝ ወይም ልብስ ግዢልኝ ቢልሽ ማዳም ሳታውቅ እሺ አትበዪ። «ማማን እንጠይቅ» በዪው። ጠበል መርጨትም ሆነ መስቀል ማሻሸት ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አታድርጊ። እምነትሽ የራስሽ ነው፣ ልጁ ግን የእነሱ ነው፣ ውሃ ፊቱ ላይ ድንገት ሲረጭበት ደግሞ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

ማዳም «ከአንቺ ነው የተማረው» ካለችሽ አትጩሂ። እኔ የሠራልኝ ይህ ነው፦ «ማዳም፣ እኔ አላስተማርኩትም። ሐኪሙን ጠይቂው።» ሐኪሙ ወይም ቴራፒስቷ ካለች እሷ ናት የምታስረዳልሽ። ቤቱ ሁለት የተለያየ ትእዛዝ የሚሰጥ ከሆነ፣ እናት «አንተ በዪው» አባት «አንቺ በያት» ካሉሽ፣ መሃል አትግቢ። ምን ብለሽ እንድትጠሪው አንድ ላይ እንዲነግሩሽ ጠይቂ።

እስኪነግሩሽ ድረስ የምትወጪበት መንገድ አለ። ሊባኖሶች «ሀቢቢ» ለሴትም ለወንድም ይላሉ፣ እናቶቹም ልጆቻቸውን «ማማ» ብለው ይጠራሉ። ና ወይም ነይ ከማለት «ምግቡ ደርሷል» ማለት ይቻላል፤ «ልበስ» ወይም «ልበሺ» ከማለት «ልብሱ አልጋው ላይ ነው»። እኔ ለወራት እንዲህ ነበር የማወራው፣ ማዳምም አልተቆጣችም፣ ልጁም አልከፋውም።

አንድ ነገር ግን ለብቻሽ አትያዢ። እንዲህ ያሉ ወጣቶች ላይ ድብርትና ጭንቀት ከሌላው በላይ ይበዛል። መሞት እፈልጋለሁ ካለ፣ ራሱን ከቆረጠ፣ መብላት ካቆመ ያኔ ምስጢር የለም፤ በዚያው ሰዓት ለእናቱ ትነግሪያለሽ። እንዲህ ያለ ልጅ እንዲህ ሲል ለማስፈራራት ነው ብለሽ አታስቢ። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ 1564 የሊባኖስ የስሜት ድጋፍና ራስን ማጥፋት መከላከያ ስልክ ነው፣ የኤምብሬስ ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። በዓረብኛ ልትነግሪያቸው ትችያለሽ። ለራስሽም ቢከፋሽ ደውዪ።

መጨረሻ ላይ ስለ መሄድ። እኛ ኮንትራት ሲያልቅ ሻንጣ ይዘን ውልቅ እንላለን፤ ብዙ ማዳሞች ልጁ እንዳያለቅስ ብለው የመጨረሻው ቀን ድረስ ይደብቁታል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ከዚህ የባሰ የለም። እኔ ሁለት ወር ሲቀረኝ ማዳምን አስፈቅጄ ፍሪጁ ላይ ካላንደር ለጠፍን፣ በየቀኑ ማታ አንድ ቀን እየሰረዘ ነው። ባለፈው ሳምንት ለምትመጣው ልጅ ስለ አንተ ምን ልንገራት ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «ቶስቱ ጠርዙ ተቆርጦ እንደሆነ ንገሪያት» አለኝ። ሌላውስ ስለው፣ «ሌላውን መጀመሪያ አይቻት ራሴ እነግራታለሁ» አለ።